አሮጌውን ባለ ፓምፕ ሻወር በአዲስ ከቀየርን ወራት አለፉ፦ እንዴት ነው ታዲያ?

አዲሱ ሻወራችን ግድግዳ ላይ ከወጣ ወራት ተቆጥረዋል። ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ወድጄዋለሁ፣ ዛሬም ብገዛ ይህንኑ ዓይነት እገዛለሁ። ግን ይጮኻል፣ ውሃ ይጨርሳል፣ ማጣሪያውም ክትትል ይፈልጋል። ሻጮች ስለ እነዚህ ሦስቱ ብዙም አያወሩም።

ብዙ ሰው ባለ ፓምፕ ሻወርን ከኤሌክትሪክ ሻወር ጋር ያምታታዋል። የኤሌክትሪክ ሻወር ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ተቀብሎ እዚያው ያሞቃል። ለዚህም ከ7 እስከ 10 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ባለ ፓምፑ ግን ምንም አያሞቅም። ሙቁን ከቦይለር፣ ቀዝቃዛውን ከታንከር ይቀበላል፣ ይቀላቅላል፣ በሆዱ ባለች ትንሽ ፓምፕ ይገፋዋል፤ በቃ። የሚስበው ኃይል ከኤሌክትሪኩ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ስለዚህ ውሃው ለብ ብሎ ቢወጣባችሁ መጀመሪያ ወደ ቦይለሩ ሂዱ።

ፓምፑ ለምን ያስፈልጋል? ታንከር ከሻወሩ ራስ 10 ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። የኛ ግን ሁለት ሜትር እንኳ ከፍ ቢል ነው። ይህ 0.2 ባር ማለት ነው። በዚህ ግፊት ውሃው ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም፤ ሳሙናውን ለማስለቀቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፓምፑ የሚገባው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ከመንገድ በቀጥታ የሚመጣ በቂ ግፊት ያለው መስመር ካላችሁ ግን ባለ ፓምፕ ሻወር አትግዙ። ማሽኑ የሚሠራው ለዝቅተኛ ግፊት ነው። በቀጥታ መስመር ላይ ቢገጠም ውስጡ ያሉት ጎማዎች ይሸነፋሉ፣ ዋስትናውም ይሰረዛል። ውሃ በሄደበት ፈጥኖ የሚያሞቅ ማሞቂያ ያለው ቤትም እንዲሁ፤ ይህ ሻወር የሚፈልገው በቦይለር የተጠራቀመ ሙቅ ውሃ ነው።

ሌላም አለ። ሙቁም ቀዝቃዛውም ግፊታቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። የኛ ቦይለር የሚሞላው ከዚያው ከታንከሩ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለብንም። ቀዝቃዛው ከመንገድ፣ ሙቁ ከታንከር ሲሆን ግን ጉልበተኛው ደካማውን መልሶ ይገፋዋል። ታጣቢውም አንዴ በረዶ አንዴ እሳት ይሆንበታል።

ወደ ግዢው እንምጣ። አሮጌው ከፓምፑ ሥር ውሃ ያፈስ ነበር፤ ሞተሩም ያቃስታል። ለመጠገን ያህል መለዋወጫ አይጠፋም ነበር፣ ነገር ግን ሙቀቱን በእጅ ብቻ የሚያስተካክል ዓይነት ስለነበር ሰበብ አገኘሁ አልኩና ቴርሞስታት ያለውን መረጥኩ። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። ቴርሞስታቱ ውስጥ ሰም አለ። ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ያብጣል፣ የሙቁን በር ያጠባል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ በሩን ያሰፋል። ኤሌክትሮኒክስ የለም፣ የሚዋቀር ነገር የለም። አንድ ሰው ወጥ ቤት ቧንቧ ሲከፍት አሮጌው ሻወር ወዲያው ያስጮኸን ነበር። አሁን ለአፍታ ትንሽ ይወዛወዝና ይረጋል። የቦይለር ውሃ 60 ዲግሪ ከደረሰ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላል። ልጆች ባሉበት ቤት ቴርሞስታት የሌለውን የሚገዛ ሰው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ቁጠባው አልገባኝም።

አዲስ ከመግጠም አሮጌ መቀየር ይከብዳል። ምክንያቱ አሮጌው ግድግዳው ላይ አሻራውን ትቶ መሄዱ ነው። ቧንቧዎቹ ከላይ ነው የሚገቡት፣ ከታች ወይስ ከጀርባ? በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው? ሙቁ በየት በኩል ነው? እነዚህን ሳትለኩ ሱቅ አትሂዱ። እኛ የአዲሱን መጠን ከመመሪያው ወስደን በካርቶን ቆረጥንና በአሮጌው ቦታ ለጠፍነው። በታች በኩል፣ በስተቀኝ፣ የአሮጌው ብሎን ቀዳዳ ከካርቶኑ ጠርዝ ሥር ብቅ ብሎ ታየ። ከዚያ ሰፋ ያለ ሽፋን ያለውን ሞዴል ፈለግን። አለበለዚያ ሴራሚክ ቅየራ ውስጥ መግባታችን ነበር፤ ሴራሚኩ ደግሞ አሁን አይመረትም።

ለውሃው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ለመብራቱ ኤሌክትሪሻን ጠራን። ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲገናኙ በዩቲዩብ አይሞከርም። በተለይ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ሳይኖር ማሽኑን ማብራት የለባችሁም፤ ማጥፊያውም እርጥብ እጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

ቧንቧ ሠራተኛው ጠንቃቃ ሰው ነው። አሮጌውን ካወረደ በኋላ አዲሱን ቶሎ ይገጥማል ብዬ ስጠብቅ፣ ባልዲ አምጡልኝ አለ። "መጀመሪያ ቧንቧው ሆዱን ያጽዳ።" ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ ከፍቶ ለቀቃቸው። ቀዝቃዛው ንጹሕ ነበር። ከሙቁ መስመር ግን ቡና ቀለም ያለው ውሃ፣ ከሥሩም የብረት ብናኝና የአሮጌ ቴፍሎን ቁራጭ ወረደ። ያ ሁሉ ፓምፑ ውስጥ ሊገባ ነበር። ቀጥሎ በየመስመሩ መዝጊያ ቫልቭ አስገባ፤ ቀዳዳው የማይጠብ፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት ብሎ ሙጭጭ አለ። ጠባብ ቫልቭ ፓምፑን በጠባብ ገለባ እንደመጠጣት ያስቸግረዋል። ሴራሚኩን ሲበሳ ፕላስተር ለጥፎ፣ የድሪሉን ምት አጥፍቶ፣ በቀስታ ነው። በውሃ ልክ አስተካክሎ አሰረው። ሲሊኮኑን በላይና በጎን ብቻ ቀባ፤ ታችኛውን ጠርዝ ክፍት ተወው። ማሽኑ ካፈሰሰ ውሃው በዚያ በኩል ይታያል እንጂ ግድግዳው ውስጥ አይደበቅም።

መብራቱ ከመለቀቁ በፊት ውሃው ለብቻው እንዲሞላ ተደረገ። ፓምፑ ደረቁን ከዞረ ጎማው ወዲያው ይጎዳል። የመጀመሪያው ቀን አየር ስለነበረው ሳለ፣ ተንጫጫ፣ ከዚያ ለቀቀው።

አጠቃቀሙስ? ግፊቱ ደስ ይላል። ረጅም ፀጉር ያለው ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ሻምፖው በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ እጅም እግርም በአንድ ላይ ይሞቃል። ግን በ10 ሊትር ባልዲ ሞከርኩት፤ ደቂቃ ሳይሞላ ሞላው። በደቂቃ 12 ሊትር ገደማ ነው። አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው 120 ሊትር ይጨርሳል ማለት ነው። ቦይለሩ 60 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 20 ዲግሪ ቢሆን፣ 40 ዲግሪ ለማግኘት እኩል ለእኩል ይደባለቃሉ። እና ከ120ው ውስጥ 60ው ሙቅ ነው። የ100 ሊትር ቦይለር ያለው ቤት ስንት ሰው ያጥባል? አስሉት። እኛ ቤት ሁለተኛው ሰው ይቸኩላል፣ ሦስተኛው ይጠብቃል። ፓምፑን ሙሉ ለሙሉ ሳይከፍቱ ግማሽ ላይ መታጠብ ይቻላል፤ እኔ በአብዛኛው እንደዚያ ነው የማደርገው።

ድምፁን በተመለከተ፣ መመሪያው ጸጥተኛ ይለዋል። መመሪያው ሌሊት ቤታችን አላደረም። ግድግዳው ባዶ ሆድ ስለሆነ ጉምጉምታው ወደ ሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል፤ ሕፃን በተኛበት ሰዓት አይከፈትም። መብራት ሲጠፋም ፓምፑ ይቆማል። የኛ ሞዴል ውሃውን ጨርሶ አይዘጋም፣ በራሱ ክብደት ይንጠባጠባል፤ ሳሙና ይዛችሁ አትቀሩም። ሙሉ ለሙሉ የሚዘጉም አሉና ስትገዙ ጠይቁ።

ከወራት በኋላ አንድ ነገር መጣ። ቴርሞስታቱን የቱንም ያህል ወደ ሙቁ ብናዞረው ውሃው ለብ ብቻ ማለት ጀመረ። ቦይለሩ ደህና ነው፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያቃጥላል። ቴርሞስታቱ ሞተ ብለን አዲስ ልናዝ ነበር። ሠራተኛው በስልክ "ወንፊቱን አይተኸዋል?" አለኝ። መብራት አጠፋን፣ ቫልቮቹን ዘጋን፣ ሽፋኑን በካቻቢቴ አነሳን። የሙቁ መግቢያ ላይ የጣት ጫፍ የምታክል ወንፊት አለች። በላይዋ ነጭ ኖራ መሳይ ቅርፊት፣ በመካከሉ ጥቁር የጎማ ብናኝ። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት፣ አቼቶ ውስጥ ትንሽ አቆየኋት፣ መለስኳት። ሙቀቱ ወዲያው ተመለሰ። እነዚያ ቫልቮች ባይኖሩ ለዚህች ሥራ ታንከሩን ማፍሰስ ነበረብን።

ከዚህ የቀረው ጥቃቅን ነው። ማዞሪያው ብረት ይመስላል እንጂ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው፣ ጠርዙ ላይ መላጥ ጀምሯል። የሻወሩ ራስ ቀዳዳዎች ከጎማ ስለሆኑ ኖራ ሲይዛቸው በአውራ ጣት ማሸት ይበቃል። አብሮት የመጣው ቱቦ ግን አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ቀይረነዋል። ጥርሱ የተለመደው የግማሽ ኢንች ስለሆነ የሌላ ድርጅት ቱቦም ይገባለታል፤ ረዘም ያለውን ውሰዱ።