ስምንት ወር ከፖላራይዘር ጋር፦ የቆመ መኪና ለሚያነሳ ሰው

ባለፈው መስከረም የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ አንድ ነገር ብቻ አስመጣኋት። አፉ 67 ሚሊሜትር ለሆነ ሌንስ የሚገጠም ፖላራይዘር ነው፣ ነጸብራቅ የሚቆርጥ የመስታወት ፊልተር። 160 ድርሃም ወጣበት። ሥራዬ ሰሚት አካባቢ የሚሸጡ መኪኖችን ፎቶ ማንሳት ነው። ደላላው ይደውላል፣ እኔ ካኖን 80ዲዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ መኪናዋ ከላቫጆ ወጥታ ትጠብቀኛለች። በሳምንት ስድስት ሰባት መኪና አይጠፋም። ፊልተሩ ስምንት ወር የለፋው እዚህ ላይ ነው።

እንድገዛው ያደረገችኝ አንዲት ጥቁር ኮሮላ ናት። በሯ ላይ ከፊት ለፊት ያለው የቆርቆሮ አጥር ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ከአጥሩ መሃል ደግሞ እኔ፣ በቢጫ ጃኬት፣ ጎንበስ ብዬ። ደላላው ጋሼ ፎቶውን አጉልቶ አየና «አንተ ልጅ፣ የምሸጠው መኪናውን ነው ወይስ አንተን?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ጥቁር ሹራብ ነው የምለብሰው። እሱ ነፃ ነው፣ ፊልተር ሳትገዙም ጀምሩት።

ፊልተሩ ሁለት ቀለበት አለው። አንዱ ሌንሱ ላይ ይጠብቃል፣ ሌላው ይሽከረከራል። በካሜራው እያያችሁ ስታዞሩት የፊት መስታወቱ ላይ የተኛው ሰማይ ቀስ እያለ ይጠፋና መሪው፣ ወንበሩ፣ ጥግ ላይ የተለጠፈው ቦሎ ብቅ ይላል። የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በማግስቱ ምንም አልሠራልኝም። ባዞረው ባዞረው ያው ነው። «ፎርጅድ ነው የሸጡላት» እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ የአክስቴን ልጅ አማኋት። ለካ ጥፋቱ አቋቋሜ ላይ ነበር። ከመስታወትና ከቅብ የሚመጣው ነጸብራቅ በደንብ የሚቆረጠው በሰያፍ፣ ከገጹ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ነው። እኔ ደግሞ በሩን ልክ ከጎኑ፣ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር የማነሳው። ሦስት እርምጃ ወደ ፊት መብራቱ ስጠጋ በሩ ጸዳ። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታችሁን ያዙ፣ ከዚያ አዙሩ። ካሜራውን ከቁም ወደ አግድም ከቀየራችሁም እንደገና ማዞር አለ።

ክሮምና ባዶ ብረት ላይ አይሠራም። ቅብ የሌለው አልሙኒየም ቸርኬ እንደዚያው ያብረቀርቃል። ስፖኪዮ ውስጥ የገባ ሰውም አይወጣም።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ አካባቢ ነጸብራቁን ሁሉ እስኪጠፋ ድረስ አዞር ነበር። ፎቶዎቹ ንጹህ ናቸው፣ ግን አይጥሙም። ምክንያቱን ለማወቅ ወር ፈጀብኝ። የመኪና ቅርጽ የሚታየው እላዩ ላይ በሚሄደው የብርሃን መስመር ነው። ከፊት መብራቱ ተነስቶ በእጀታዎቹ በኩል ወደ ኋላ የሚሄደው ነጭ መስመር ሲጠፋ፣ ቪትዝ የሳሙና ቁራጭ ትመስላለች። አሁን እስከ መጨረሻው አዞርና ትንሽ እመልሰዋለሁ። መስታወቱ ይጽዳ፣ ኮፈኑ ላይ ግን ሰማይ ይቅር። ውድ መኪና ከሆነ ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አስሬ ሁለት ጊዜ አነሳለሁ፣ አንዱን ለመስታወቱ፣ አንዱን ለአካሉ፣ ቤት ገብቼ አገናኛቸዋለሁ።

ጋሼም የራሱን ነገር ደርሶበታል። የተጨፈለቀ በር የሚታወቀው ያ የብርሃን መስመር እዚያ ቦታ ላይ ሲጣመም ነው። መስመሩ ከጠፋ ጉዳቱም ይሸሸጋል። አንድ ቀን የኋላ በሯ ገባ ያለ ያሪስ ላይ ከጀርባዬ ቆሞ «አዙረው፣ አዙረው፣ ትንሽ ጨምርለት» ይለኛል። ጨመርኩለት፣ እውነትም ጠፋ። ከዚያ ፊልተሩን አውልቄ ያንኑ በር ብቻውን አነሳሁና ሁለቱንም ላክሁለት። ሦስት ቀን አልደወለልኝም።

ፊልተሩ ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር ደግሞ ተጣልቷል። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የማነሳቸው ባለ ባትሪ መኪኖች በዝተዋል። ዳሽቦርዳቸው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። በታኅሣሥ የአንዷን ጋቢና ከነፊልተሩ አነሳሁ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጥቁር ወጣ፣ እኔም ሳላስተውል ላክሁት። ማታ ገዥው ደውሎ «ስክሪኑ ተቃጥሏል፣ ዋጋ ቀንሱ» ማለት። የብዙዎቹ ስክሪኖች ብርሃን ራሱ በአንድ አቅጣጫ የተጣራ ስለሆነ ፊልተሩ ሲገጥመው ይዘጋዋል። ሩብ ዙር ብታዞሩት ይመለሳል። እኔ ጋቢና ስገባ ማውለቅ ይሻለኛል። የኋላ መስታወትም አለ። በሙቀት የተጠናከረ ስለሆነ ዓይን የማያየውን ወይን ጠጅና አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣበታል። ገዥ «መስታወቱ ምን ሆኗል?» ብሎ ይጠይቃችኋል።

ፊልተሩ ብርሃን ይበላል። ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ፣ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ነው። ያለ ፊልተር 1/125 ሰከንድ የሚሆነው የካሜራው ፍጥነት በእኔ ወደ 1/40 አካባቢ ይወርዳል። እኛ ጋ ደግሞ ጀምበር ማዘቅዘቅ ከጀመረች ጊዜ አትሰጥም። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ኪሴ ውስጥ ነው የሚያድረው። ለእኩለ ቀንም መድኃኒት አይደለም። በሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ስትቆም ጣሪያውና ኮፈኑ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ከሥር ያለው ይጨልማል። የሕንፃ ጥላ ፈልጉ፣ ካልሆነም 10 ሰዓት ላይ ተመለሱ።

በሰፊው፣ በ18 ሚሊሜትር ስታነሱ ሰማዩ አንድ ጎን ደማቅ፣ አንድ ጎን ፈዛዛ ሆኖ ይበላሻል። ለነገሩ በ18 መኪና አይነሳም፣ ፓራውልቱ ያብጣል። ራቅ ብላችሁ ወደ 50 ዙም አድርጉ፣ ካሜራውን ወደ ፊት መብራቱ ቁመት አውርዱ።

ጥንካሬውን ካነሳን፣ ጥሩ ነው ግን አቧራ አይወድም። አሁን በግንቦት ቀለበቱ ሲዞር ካርር ይላል። በየካቲት ጭራሽ ሌንሱ ላይ ተጣብቆ አልፈታ አለኝ። በጨመቅሁት ቁጥር ባሰበት፣ ለካ መጭመቁ ክቡን ያጣምመዋል። በመጨረሻ እናቴ ዕቃ የምታጥብበትን የላስቲክ ጓንት አድርጌ በስሱ ሳዞረው ወጣ። በቲሸርት ስወለውለው የጫርኩት ጭረትም አለ፣ እሱ የራሴ ጥፋት ነው።

160 ድርሃሙን አልቆጨኝም። ጥቁር መኪና አዘውትሮ ለሚያነሳ ሰው ግዛ እላለሁ። ነጭ በነጭ ብቻ ለሚያነሳ፣ ጥቁሩ ሹራብ ሳይበቃው አይቀርም። ስትገዙ ግን ለትልቁ ሌንሳችሁ ግዙ። የእኔ 50 ሚሊሜትር ሌንስ አፉ 49 ነው፣ ከ49 ወደ 67 የሚያሰፋ ቀለበት ከገጠምኩለት ያው ፊልተር ይሠራለታል። የአክስቴ ልጅ በሐምሌ ለእረፍት ስለምትመጣ «አደራሽን፣ ቀለበቱን እንዳትረሺ» ብዬ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። እሷ ደግሞ እንደወረደ ለእናቷ አስተላልፋዋለች። አክስቴ በማግስቱ በጠዋት ደወለች። «ልጅቷ የማን ናት?»