«በ30 ደቂቃ ላሊበላ» የሚሏችሁን ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ «ላሊበላ በ30 ደቂቃ፣ ቀጥታ በረራ» ብሎ መስታወቱ ላይ የለጠፈ ትኬት ሻጭ ካያችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ተበልቻለሁ።

ሀሳቤ እማዬን ለገና ላሊበላ ማድረስ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም የመኪና መንገድ አይሆናትም። በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አልፎ ጋሸና ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን እንኳ ቀኑን ይበላዋል።

ሻጩ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ርቀት የሚያሰላ ድረ ገጽ አሳየኝ። «ይኸው ጋሼ፣ 180 ኪሎ ሜትር ናት!» አለኝ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የአሞራ መንገድ ነው። ድረ ገጹ በሁለቱ ቦታዎች መሃል ቀጥ ያለ መስመር ያሰምርና ርቀቱን በግምት ለተያዘ የአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍለዋል። በዚያ መስመር የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር አያውቅም። እኔም ሞኙ፣ ለ«ቀጥታው» የጠየቀኝን ጭማሪ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ትኬቱን ደህና አድርጌ ያየሁት ማታ ቤት ገብቼ ነው። ቢጄአር የባሕር ዳር ኤርፖርት ምልክት ነው፣ ኤልኤልአይ የላሊበላ። በመሃላቸው ኤዲዲ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ! ላሊበላ ከእኛ በስተምሥራቅ ናት፤ እኛ ግን ወደ ደቡብ አዲስ አበባ ወርደን፣ እንደገና ወደ ሰሜን ልንወጣ ነው። ድሮ አውሮፕላኑ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እንደ አውቶቡስ ያዳርስ እንደነበር ትልልቆቹ ያወራሉ። ማስታወቂያው የዚያ ዘመን ትዝታ ይሆን?

ውሏችንን ልንገራችሁ። ከቤት የወጣነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። 2 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳሩ በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ተነሳን፤ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እዚያ ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ «ይቺ ናት ሠላሳ ደቂቃዋ?» አለችኝ። ምን ልበላት። ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት በረራ። ላሊበላ ስናርፍ ደግሞ ኤርፖርቱ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ለመኪናው ሌላ ክፍያ። አልጋችን ጋ ስንደርስ 9 ሰዓት ሆኗል።

እባካችሁ፣ «ስንት ደቂቃ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የት የት ያርፋል?» በሉ። ሳትከፍሉ ትኬቱ ላይ ያሉትን የኤርፖርት ምልክቶች ቁጠሩ፤ ከሁለት ከበለጡ ቀጥታ አይደለም። ሰዓቱንም አስተውሉ። የእኔ 08:00 ይላል፤ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። ልጁ ግን ወረቀት ላይ «8 ሰዓት» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። እሱን አምኜ ብሆን አውሮፕላኑ ጥሎን ሄዶ ነበር። «ቀጥታ» ካሏችሁም ቃሉን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። አሳሳች ማስታወቂያ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ ለአቤቱታ ግን በእጅ የሚያዝ ነገር ያስፈልጋል። የእኔ ደረሰኝ ላይ ቃሉ የለም።

ተመልሼ ጭማሪዬን ስጠይቀው «ቀጥታ ማለት እኮ በአንድ ትኬት ማለት ነው» አለኝ። ብሩ አልተመለሰም። ማስታወቂያው ትናንትም መስታወቱ ላይ ነበር።