ፊልተሩ ከኋላ የተደበቀው የቻይና አኳሪየም፣ ዓሣም አብሮ ይደብቃል (ሀዋሳ)

ለሚቸኩል ሰው ባጭሩ፣ ታንኩ ቆንጆ ነው ግን የኋላ ግድግዳው ዓሣ ይውጣል። ግዙት፣ ዓሣ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ክፍተቶቹን ሸፍኑ። ሥራ ያለው እዚህ ጋ ማቆም ይችላል።

የማወራው ሻጮቹ "ኦል ኢን ዋን" ስለሚሉት ታንክ ነው። 60 ሳንቲ ርዝመት፣ 35 ወርድ፣ 35 ከፍታ፣ ፊቱ ጥርት ያለ መስታወት፣ ከኋላው ጥቁር ፕላስቲክ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ፊልተሩ ፓምፑ ሂተሩ ሁሉም ተደብቆ የሚቀመጥበት። ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ብቻ ስለሆነ ብራንዱን አትጠይቁኝ። የሱቁንም ስም አልጠራም፣ እዚሁ ሀዋሳ ነው፣ 14 ሺ አካባቢ ተከራክሬ ነው የገዛሁት። ሰፈር ውስጥ "ዓሣ ካማረሽ አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) ሄደሽ አትበይም እንዴ" የሚለኝ አልጠፋም፣ ተዉአቸው አይገባቸውም።

ጥሩ ጥሩውን ቶሎ ልጨርሰው። ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ ቱቦ የለ ሽቦ የለ ምንም አይታይም፣ ፓምፑ ድምፁ አይሰማም፣ ላይቱ ደህና ነው፣ መስታወቱ ጠርዙ በደንብ ተሞርዷል እጅ አይቆርጥም። ሻጩም ባጃጅ ላይ ራሱ አብሮ ተቀምጦ ታንኩን አቅፎ ነው ያደረሰልኝ፣ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ወደ ሊትሩ። ሻጩ 73 ሊትር ይላችኋል፣ በውጭ ልኩ ካባዛችሁት እውነቱን ነው። ግን ከኋላ 10 ሳንቲው የፊልተሩ ነው፣ ውሃ ደግሞ እስከ አፉ አይሞላም 3 ሳንቲ ቀንሱ፣ 60 በ25 በ32 ሲባዛ ለዓሣው የሚተርፈው 48 ሊትር ነው። ምን ያህል ዓሣ ልግዛ ስትሉ በ48 አስቡ በ73 አይደለም፣ ሻጩ በ73 አስቦ ነው የሚሸጥላችሁ።

ዋናው ጉዳይ ግድግዳው ነው። ከላይ በኩል እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተከፋፈለ ቦታ አለው፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባትና አቧራ ስቦ ወደ ኋላ እንዲወስድ ነው። ከታች በግራ በኩል ደግሞ ሌላ ክፍተት አለ። ውሃው በነዚህ ይገባና መጀመሪያ ስፖንጅ ያለበት ክፍል፣ ቀጥሎ የሴራሚክ ቀለበቶቹ (ውሃውን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው) ያሉበት፣ መጨረሻ ፓምፑና ሂተሩ ያሉበት ክፍል ደርሶ በቀኝ በኩል ባለው አፍንጫ ተመልሶ ይወጣል። አሠራሩ ጎበዝ ነው። ችግሩ ክፍተቶቹ 6 ሚሊ አካባቢ ናቸው፣ ይሄ ለትልቅ ጎልድ ፊሽ ወይም ለቤታ ምንም አይደለም፣ ለኩሊ ሎች ግን በር ነው። ኩሊ ሎች ያልገባችሁ ካላችሁ፣ እባብ የሚመስለው ቢጫና ቡናማ ቀለበት ቀለበት ያለው ቀጭኑ ዓሣ ነው፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ፣ ቀን ተደብቆ ውሎ ማታ የሚወጣ። ጨለማና ጠባብ ቦታ ካየ ሳይገባ አያልፍም፣ ተፈጥሮው ነው።

የኔዎቹ አንድ ባንድ ጠፉ። ሶፋው ተነሳ፣ ምንጣፉ ተገለበጠ፣ የጎረቤት ድመት ያለ ጥፋቷ ተወነጀለች፣ ሻጩ ጋ ስደውል "የኔ እህት ዓሣ እኮ መደበቅ ይወዳል" አለኝና ሌላ ኩሊ መጥቷል ልያዝልሽ ወይ ብሎ ጨመረበት። በኋላ ስፖንጁን ላጥብ ብዬ የኋላውን ክዳን ስከፍት ሁሉም ሴራሚኩ ስር ተጠቅልለው ተኝተዋል፣ ወፍረው! ፊት ለፊት የሚበተነው ምግብ ግማሹ በውሃው ተስቦ እነሱ ጋ ነው ለካ የሚደርሰው፣ ተመቻችተው ነው የሚኖሩት።

ጋፒ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ጋፒ እንቁላል አይጥልም፣ በወር አንዴ ገደማ ጫጩት ይወልዳል፣ በአንዴ ብዙ ነው የሚወልደው፣ ከዛ እናትየውም ሌሎቹም ያገኙትን ይበሉታል። ጫጩቶቹ ሲወለዱ አንድ ሳንቲ እንኳን አይሞሉም፣ በማበጠሪያው በኩል ሰተት ብለው ይገባሉ። ስፖንጁ ክፍል የቀሩት ማንም ሳይበላቸው ያድጋሉ፣ የኔ ቤት ካደጉት ጋፒዎች አብዛኞቹ የግድግዳው ልጆች ናቸው ብል ውሸት አይሆንም። አልፈው ፓምፑ ክፍል የደረሱት ግን አይተርፉም፣ ፓምፑ ይስባቸዋል።

እዚህ አገር ደግሞ መብራት ይሄዳል፣ ቻይና ይሄንን ሲሠሩ ያሰቡበት አይመስለኝም። ፓምፑ እየሠራ እያለ የመጨረሻው ክፍል ውሃ ከፊት ካለው ዝቅ ይላል። መብራት ሲሄድ ከፊት ያለው ወደ ኋላ እየፈሰሰ እኩል ይሆናል፣ ከዛ የሚገፋ ውሃ የለም፣ ትንንሽ ዓሣዎች በክፍተቱ ብቻ ሳይሆን ውሃው በሚወጣበት አፍንጫ በኩል ራሱ ወደ ቱቦው ይገባሉ። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ድንገት ይነሳል፣ ቱቦ ውስጥ ያለው ወይ ተተፍቶ ይወጣል ወይ… በቃ። መብራቱ ሳይመጣ ብዙ ሰዓት ከቆየ ደግሞ የኋላው ክፍል ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል፣ ምክንያቱም ሴራሚኩ ላይ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይተነፍሳሉ፣ ውሃውም ቆሟል፣ እዛ የተደበቀ ዓሣ መጀመሪያ የሚታፈነው እሱ ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የፓምፑን ሶኬት ንቀሉ፣ ሲመጣ የኋላውን አይታችሁ ሰኩ።

አንድ የማይታይ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ውሃ ሲተን ከፊት ምንም አይቀንስም፣ የሚቀንሰው ፓምፑ ክፍል ብቻ ነው። በተለይ በበጋ ሳታዩት ይወርድና ሂተሩ ከውሃ በላይ ይወጣል፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ እዛ የገባ ዓሣ ካለም በጣት በማትሞላ ውሃ ውስጥ ይቀራል። በየቀኑ እዛች ጋ ዓይን ጣል አድርጉ።

መሸፈኛውን በተመለከተ ብዙ ነገር ሞክሬ የወደድኩት የሙሽራ ቬሎ የሚሠራበትን ወንፊት መሳይ ጨርቅ ነው፣ ልብስ ሰፊ ቤት ቁራጩን በነፃ ይሰጧችኋል። አዲሱን በውሃ ብቻ አለቅልቁት፣ ሳሙና አታስነኩት፣ ከዛ ማበጠሪያው ላይና የታችኛው ክፍተት ላይ ከኋላ በኩል አጥፋችሁ ሸጉጡት። አፍንጫው ላይም ትንሽ ሰፋ ባለ ዓይን አድርጉበት። ሻካራ ጥቁር ስፖንጅም ይሆናል።

አጎበር ግን እንዳታደርጉ!! ይሄን በደማቁ ነው የምጽፈው። ሀዋሳም አዳማም ወባ ያለበት አገር ስለሆነ ሁላችንም ቤት ከጤና ጣቢያ የታደለ አጎበር አለ፣ ቁራጩም መጀመሪያ እጅ የሚገባው እሱ ነው። ያ አጎበር ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ነው፣ መድኃኒቱ ለሰው በዛ መጠን ባይጎዳም ዓሣና ሽሪምፕን ግን በጣም ትንሹም ቢሆን ይገድላል። አርጅቷል ታጥቧል ብላችሁም አትሞክሩት። ዚንክ የተቀባ የዶሮ ቤት ሽቦም አይሆንም፣ ዚንኩ ውሃ ውስጥ ይሟሟል።

ወንፊት ማድረግ ግን ዋጋ አለው፣ ይደፈናል። የምግብ ፍርፋሪና አልጌ ሲሞላበት ውሃ ወደ ኋላ ማለፍ ያቅተዋል፣ ፓምፑ የራሱን ክፍል ውሃ ጠጥቶ ጨርሶ በደረቁ ይዞርና ይቃጠላል፣ ፊት ያለው ደግሞ ሞልቶ ምንጣፋችሁ ላይ። ስለዚህ በሳምንት አንዴ አውጥታችሁ እጠቡት፣ ስፖንጁን ግን ከታንኩ በቀዳችሁት ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል።

የገባውን ለማውጣት መረቡ አይመችም፣ 10 ሳንቲ ቦታ ውስጥ እጅ አይዞርም። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከአንገቱ በታች ቆርጣችሁ አፉን ገልብጣችሁ መልሳችሁ ሰኩት፣ ውስጡ የሚሰምጥ ምግብ ጣሉበት፣ ማታ ላይቱን አጥፍታችሁ ኋላ ክፍል ውስጥ አስተኙት። ጠዋት ኩሊዎቹ ውስጡ ናቸው፣ መግባቱን ያውቁበታል መውጣቱን አያውቁበትም። ዓሣ ጠፍቶባችሁ ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ሌሎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ግን ወጥመድ አትጠብቁ፣ ኋላ የሞተ ሊኖር ይችላል፣ 48 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሚበሰብስ ዓሣ አሞኒያ የሚባለውን መርዝ ቶሎ ከፍ ያደርገዋል፣ ያኔውኑ ክፈቱና ፈልጉ፣ ከውሃውም ሲሶውን ቀይሩ።

አዳማ ያለው የአክስቴ ልጅ ከላይ የሚንጠለጠለውን ፊልተር ነው የሚጠቀመው፣ እሱ ጋ ደግሞ ዓሣዎቹ የሚወርደውን ውሃ እየዘለሉ ሳጥኑ ውስጥ ይገቡበታል፣ ማለት ችግሩ የዚህ ታንክ ብቻ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ሽሪምፕ ወይም ጫጩት ማርባት ከሆነ የምትፈልጉት ይሄን ታንክ አትግዙ፣ መስታወት ቤት ሄዳችሁ ባዶ ታንክ በሲሊኮን አሠሩ፣ አየር ፓምፕና የስፖንጅ ፊልተር አስገቡበት፣ ጀርባ የሚባል ነገር ስለሌለው የሚደበቅበትም የለም፣ ዋጋውም በጣም ይወርዳል። ያምራል ወይ? አያምርም፣ ቡልቅ ቡልቁም ይሰማል።

ማርክ ስሰጥ ታንኩ ከ10 7፣ ግድግዳው 3። ሻጩ ላደረሰበት ባጃጅ 8፣ ለስልኩ መልስ 4። ሱቅ ሄዳችሁ ስታዩት የኋላውን ክዳን አስከፍቱና ከእርሳስ ቀጠን ያለ እንጨት በክፍተቱ ለማሳለፍ ሞክሩ፣ ካለፈ ኩሊም ያልፋል፣ ከዋጋው ላይ አንድ ሁለት ሺ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው።