የፒያሳው የቅዳሜ ፍልስፍና፦ ልሂድ አልሂድ ለምትሉ

ለዩኒቨርሲቲ ጊዜም ገንዘብም የለኝም፣ ግን ማሰብና መከራከር እወዳለሁ ለምትሉ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲኬድ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ገባ ብሎ ባለ የካቶሊኮች ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጥ የፍልስፍና ትምህርት ነው። ትምህርት ይባል እንጂ ግማሹ ክርክር ነው። ርዕሶቹ ደግሞ የቤታችን ጉዳዮች ናቸው፤ ውሸት፣ ደመወዝ፣ ሕክምና፣ ትዳር፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። የካቶሊክ ፈላስፎች በየዘመኑ ያሰቡትን ይዞ የዛሬውን ኑሯችንን ይጠይቃል። ክፍያ የለውም። በሩ አጠገብ ለሻይና ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ሳጥን አለ፣ የቻለ ይጥላል።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ይህን የምለው ስለዚህ ቦታ ሳወራ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ሃይማኖት ሊያስቀይሩ ነው እንዴ?" ብሎ ስለሆነ ነው። በጭራሽ። ማንም እምነትህን አይጠይቅህም፣ ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም አብረውን ይቀመጣሉ። የሚያስተምሩት አባ ከመጀመሪያው ቀን የሚያስቀምጡት ደንብ አንድ ነው፤ "ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ስላለች" የሚል መልስ እዚህ ክፍል ውስጥ አይበቃም፣ ምክንያቱን አምጡ። ይህ አካሄድ የቆየ ነው። የካቶሊኩ ፈላስፋ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንዲሁ ነበር የሚጽፈው፤ ጥያቄውን ያነሳል፣ ከራሱ ሐሳብ በፊት የተቃዋሚዎቹን ክርክር ይደረድራል፣ ከዚያ የራሱን ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ተቃውሞ ለየብቻው ይመልሳል። እኛም እንደዚያ እንድናደርግ ነው የምንጠየቀው። የማትስማማበትን ሰው ሐሳብ፣ ባለቤቱ ራሱ "አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት" እስኪል ድረስ ካላስረዳህ የራስህን አትናገርም። ለዚህ ብቻ ሲባል መሄድ ያዋጣል። እንዲህ ዓይነት ጨዋ ክርክር በዚህ ከተማ ሌላ የት እንደማገኝ አላውቅም።

ምርጡ ክፍለ ጊዜ ስለ ውሸት የነበረው ነው። አባት ካንሰር ይገኝበታል። ልጆቹ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይይዙትና "እባክህ ዶክተር፣ እንዳትነግረው" ይሉታል። ለአባትየው "ጨጓራ ነው" ይባላል። ይህን በቅርብ ያላየ ቤተሰብ ብዙ ያለ አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያን አባት የሚባለው አውጉስጢኖስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ስለ ውሸት ብቻ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፏል፣ አቋሙም ጥብቅ ነው፤ ሕይወት ለማዳን እንኳ ቢሆን አይዋሽም። አኩዊናስም ከዚህ አይወጣም፣ ግን እውነትን በጥበብ መሸሸግ ይቻላል ይላል። እዚህ ላይ ክፍሉ ጦፈ። አንዲት ነርስ "አባ፣ በሽተኛው ዓይን ዓይኔን እያየ ሲጠይቀኝ ዝም ብል ራሱ ነገርኩት ማለት እኮ ነው" አለች። አንድ ጋሼ ደግሞ መርዶን አመጡት። ውጭ አገር ያለ ልጅ እናቱ ስትሞት "ትንሽ አሟታል፣ ናማ" ይባላል፣ ከዚያ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፈው ሰው ከግራም ከቀኝም ተቀምጦ መርዶውን ይረዳል። ይሄ ውሸት ነው? ወይስ ሐዘኑን አብሮ የሚሸከም ሰው እስኪሰበሰብ መታገስ?

አባ ሁለቱን ለዩአቸው። መርዶን ማዘግየት አንድ ነገር ነው፣ የሞተችን እናት "አሟታል" ማለት ሌላ ነገር ነው አሉ። የመጀመሪያው ልጁን ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛው ግን ሲሰማ ሁላችንንም እንዳያምን ያደርገዋል። ስለ በሽተኛው አባት ደግሞ የተናገሩት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሞቱ የእሱ ነው አሉ። የሚናዘዘው እሱ ነው፣ የተጣላውን የሚታረቀው እሱ ነው፣ ንስሐ የሚገባው እሱ ነው፤ እውነቱን ስንደብቀው ይህን ሁሉ ጊዜ እንወስድበታለን። ነርሷ አልተስማማችም። እኔ በአባ በኩል ነኝ፣ ሆኖም እሷ ያነሳችው ነገር፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሐኪሙን ከቦ ሲለምነው ሐኪሙ ምን ያድርግ የሚለው፣ የሚገባውን ያህል ጊዜ አላገኘም።

ከዚሁ ጋር ባንኮክ ተነሳ። ቤት ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ በሽተኛን ውጭ መውሰድ ግዴታ ነው ወይ? የካቶሊኮች ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ፖፕ) የነበሩት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች ሲናገሩ፣ ሰው ሕይወቱን ለማቆየት ግዴታው በተለመደው መንገድ መታከም ነው፣ የተለመደ የሚባለውም እንደ ሰው፣ እንደ ቦታና እንደ ጊዜ ይለያያል፣ ለራስ ወይም ለሌላ ሰው ከባድ ሸክም የሚሆን ሕክምና ግን ግዴታ አይሆንም ብለዋል። "ወይም ለሌላ ሰው" የሚለው ላይ ቆምን። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የሚስትየው መኖሪያ፣ እነዚህም ይቆጠራሉ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ይህን ሲሰሙ ያለቀሱ ሰዎች ነበሩ። ለዓመታት "አባታችንን ሳናድነው ቀረን" ብሎ ራሱን ሲከስ የኖረ ሰው፣ ጥፋተኛ እንዳልሆነ ከነምክንያቱ ሲነገረው ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ደመወዝ የነበረውም ጠንካራ ነው። መነሻው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ያወጡት "ሬሩም ኖቫሩም" የሚባለው ሐዋርያዊ መልእክት ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ሠራተኛና አሠሪ በነፃነት ቢስማሙ እንኳ ከስምምነታቸው በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ አለ። ደመወዙ በቁጠባ የሚኖርን ሠራተኛ ለማኖር ካልበቃ፣ ሠራተኛውም የባሰ እንዳይመጣበት ፈርቶ ከተቀበለ፣ ግፍ ተፈጽሞበታል። አባ ከዚያ ፋብሪካ አልጠቀሱም። በቀጥታ ወደ ቤት ሠራተኞች ገቡ። ከገጠር መጥታ፣ ደላላ ቤት አድራ፣ የተባለችውን እሺ ብላ የገባች ልጅ። "ማንም አላስገደዳትም፣ ተስማምታ ነው" የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምተናል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እሷን አይሸፍናትም፣ ለግሉ ዘርፍ ሥራም አገራችን የወሰነችው ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ስለዚህ በደመወዟ መጠን ላይ ልጅቷ ያላት የአሠሪዋ ኅሊና ብቻ ነው። አንዲት እናት "ምግቧና ማደሪያዋስ አይቆጠርም?" ብለው ጠየቁ። ይቆጠራል ተባለ፣ ግን ያንን ቆጥረን የሚቀረው ገንዘብ ስትታመም የሚያሳክማት፣ አገሯ ለመሄድ ስትፈልግ የሚያሳፍራት ካልሆነ ያው ነው ተባለ። የእረፍት ቀኗም ተነሳ። በዕለቱ ከወጡት ሰዎች አንዳንዶቹ እቤታቸው ደርሰው ደመወዝ እንደጨመሩ በኋላ ሰምቻለሁ። ከአንድ የፍልስፍና ክፍል ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?

አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ቦታውን ስለምወደው ነው የምናገረው።

ስለ ትዳርና ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ የነበረው ክፍለ ጊዜ ደካማ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት፣ ሰው ሠራሽ የወሊድ መቆጣጠሪያን የሚከለክለው መልእክት ተነበበ፣ ተብራራ፣ አበቃ። አንድ ወጣት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን እንዲያማክር ተቋቁሞ የነበረው ኮሚሽን አብላጫው ለውጥ ይደረግ ማለቱን ጠቅሶ "ታዲያ የእነሱ ክርክር ምን ነበር?" ሲል፣ ሰዓቱ ሄዷል ተባለ። የክፍሉን ደንብ ያወጡት አባ ራሳቸው ናቸው። የተቃዋሚውን ክርክር አስቀድሞ ማስረዳት ለውሸትና ለደመወዝ ከሠራ ለዚህም መሥራት አለበት። ያንን ትምህርት የሚያምኑበት ሰዎች ሊፈሩ አይገባም፤ ምክንያት አላቸው፣ ያምጡት፣ እንስማው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ደግሞ መጥፎ ባይሆንም ችኮላ በዛበት። ቫቲካን በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ሰነድ አውጥታለች፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛም ስማቸውን የመረጡት በዋናነት ሊዮ 13ኛ በኢንዱስትሪ አብዮት ዘመን ያደረጉትን በማሰብ እንደሆነ ለካርዲናሎቹ ተናግረዋል። ጥሩ መነሻ ነበር። ነገር ግን እዚህ ከተማ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራው ወጣት ምን ማለት እንደሆነ ሳንደርስበት አለቀ።

ሌላው የሚቆጨኝ ነገር አለ። በሻይ ሰዓት የምንቆምበት ክፍል ውስጥ የክሎድ ሳምነር ሥራዎች ተደርድረዋል። ሳምነር ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆኑ ካናዳዊ ካህን ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 መጥተው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን እዚሁ አዲስ አበባ ፍልስፍና ሲያስተምሩ ኖረዋል፣ በፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውን "ሐተታ" የተባለ የፍልስፍና ጽሑፍ ተርጉመው ለዓለም ካስተዋወቁት ዋነኛው ናቸው። ጽሑፉ የኢትዮጵያዊ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረ ጣሊያናዊ፣ የካፑቺን ማኅበር የካቶሊክ ሚሲዮናዊ የጻፈው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። የካቶሊክ ፍልስፍና እዚህ አገር ከኛ አስተሳሰብ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘበት ቦታ ይሄው ነው፣ እኛ ግን ከጎኑ ቆመን ሻይ እንጠጣለን። አንድ ቅዳሜ ሊሰጠው ይገባል።

ስለ ቦታው በአጭሩ፦ በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል ከተባለ በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል፣ ስለዚህ ቀደም በሉ። ወንበሮቹ ጠንካራ ናቸው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ከኋላ ምንም አይሰማም፣ ከፊት ተቀመጡ። ጽሑፉ የሚታደለው የዚያኑ ዕለት ነው፣ አብዛኛውም እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛው አንድ ገጽ ማጠቃለያ ብቻ። ሳምንት አስቀድሞ ቢሰጥ ክርክሩ በጣም ይሻሻላል።

አዘጋጆቹ ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ቤት ሠራተኞች ያን ሁሉ ስናወራ ክፍሉ ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ አልነበረችም። ቅዳሜ ከሰዓት እንዴት ትመጣለች? ልብስ የሚታጠበው፣ ቤት የሚጸዳው ያኔ ነው። እረፍት የሚሰጣቸው ካሉም የሚወጡት እሑድ ነው። የደመወዙን ክፍለ ጊዜ እሑድ ከሰዓት፣ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ድገሙት፣ እኛም የምናውቃቸውን ይዘን እንምጣ።