ለአባቴ ቤት ድረስ እየመጣች መድኃኒት ለሰጠችው ሲስተር ምስጋና፣ ለሚያስፈልጋችሁም ጥቆማ

ይህንን የምጽፈው አባቴ የ42 ቀን መድኃኒታቸውን ከጨረሱ በአምስተኛው ቀን ነው። ቀደም ብዬ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ሳያልቅ ማመስገን ግን ፈራሁ።

የአባቴ ቅልጥም ተሰብሮ ከተጠገነ በኋላ ቁስሉ አመረቀዘና ኢንፌክሽኑ አጥንታቸው ውስጥ ገባ። ቁስሉ በቀዶ ሕክምና ከተጠረገ በኋላ፣ ሐኪማቸው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለስድስት ሳምንት እንደሚያስፈልጋቸው፣ ለዚያ ሲባል ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል መተኛት እንደሌለባቸው ነገሩን። የታዘዘላቸው ሴፍትሪያክሶን በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ በቀን አንድ ጊዜ መውሰዱ በቂ ነበርና፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኝተው ከወሰዱ በኋላ ቀሪውን ከቤት እየተመላለሱ መጨረስ ይችላሉ ተባልን። ወደ ቤት የሚመለሱ በመሆናቸው የተሰማን ደስታ ግን አራት ቀን አልቆየም።

በመጀመሪያ የሄድንበትን ቦታ ስም አልጠራም፤ የተነሳሁት ለማመስገን እንጂ ለመክሰስ አይደለም። ቢሆንም የደረሰብንን ሳልናገር የሲስተርን ሥራ ክብደት ማሳየት አልችልም። በክራንች የሚሄዱ የ71 ዓመት ሰው ግማሽ ሰዓት ለሚፈጅ መድኃኒት በየቀኑ ሦስት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቁ ነበር። በየቀኑ የሚቀበለን ሰው ሌላ ነው፤ በየቀኑም «ምን ነበር የሚወስዱት?» ተብለን እንጠየቃለን። አንድ ቀን የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው አልመጣም ተባልንና ሳይወስዱ ተመለስን። በሌላ ቀን መድኃኒቱ ሲገባ እንደሚያቃጥላቸው ብናገር፣ «ይለመዳል እናቴ፣ መድኃኒቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ይህን የተናገረው ሰው ስልኩን ሲነካካ በቆየበት እጁ፣ ሳይታጠብና ጓንት ሳያጠልቅ፣ የካኑላውን፣ ማለትም መድኃኒቱ እንዲገባ ደም ሥራቸው ላይ የተተከለውን ቀጭን ቱቦ፣ ክዳን ሲከፍት በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ድረስ የሚመጣ ሌላ ሰው አገኘን፤ እርሱም ሁለት ቀን መጥቶ በሦስተኛው ስልኩን ዘጋ።

የአባቴ ሐኪም ይህን ሲሰሙ እኔንም ጭምር «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ብለው ተቆጡና የሲስተርን ቁጥር ሰጡኝ።

ሲስተር የመጣች ዕለት ገና ቦርሳዋን ሳትከፍት እጇን ታጠበች፤ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠችና «አባባ፣ ትናንት ማታ በየትኛው ጎንዎ ተኙ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እኔ ስለ እግራቸው ትጠይቃለች ብዬ ስጠብቅ ጥያቄው ግራ አጋባኝ። «በግራዬ» አሉ። «ሁልጊዜ በግራዎ ነው የሚተኙት?» ስትላቸው ጥቂት ዝም ብለው «አይ፣ የለመድኩት በቀኜ ነበር» አሉ። ካኑላው የተተከለው በቀኝ ክንዳቸው ነበር። እጅጌያቸውን ቀስ አድርጋ ስትሰበስበው ደም ሥራቸው ከካኑላው ጀምሮ እስከ ክርናቸው ድረስ እንደ ገመድ ጠጥሮ፣ ዙሪያውም ቀልቶ ታየን። ሸሚዛቸውን በየቀኑ የማለብሳቸው እኔ ልጃቸው አላየሁትም ነበር። አባቴ ሕመምን መናገር ነውር የሚመስላቸው ሰው ናቸው፤ እግራቸው የተሰበረ ዕለት እንኳ «ትንሽ ወለም ብሎኛል» ነው ያሉት። «ያምምዎታል?» ብላ ጠይቃቸው ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር «አያምመኝም» ይሏት ነበር።

ካኑላውን ነቀለች፤ ለሐኪሙ ደውላ ያየችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ከተነጋገሩ በኋላም በግራ ክንዳቸው ላይ በአንድ ጊዜ ሙከራ ሌላ ተከለች። አባቴ «ገባ እንዴ?» ብለው የጠየቁት ፕላስተሩን ከለጠፈች በኋላ ነው። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀረችም። መድኃኒቱን ከማስገባቷ በፊት የካኑላውን አፍ በአልኮል እስከ አሥራ አምስት ድረስ እየቆጠረች ታሸዋለች፤ እስኪደርቅም ትጠብቃለች። አባቴም አብረዋት መቁጠር ጀመሩ፤ አሥራ ሦስት ላይ ካቆመች «ሁለት ይቀራል ልጄ» ይሏታል፤ አንዳንዴ ሆን ብላ የምታቆም ይመስለኛል። ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ የጨው ውሃ ታሳልፋለች፤ ጠብታው እስኪያልቅ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በየሳምንቱ ደማቸው እየተመረመረ ኩላሊታቸውና ጉበታቸው ይታይ ነበር፤ ውጤቱን ለሐኪሙ ስታነብላቸው ከቁጥሮቹ አንዱም አልገባኝም፤ ድምጿ ስለማይለወጥ ብቻ እረጋጋ ነበር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታሪክ አስተማሪ ስለነበሩ ዓመተ ምሕረት የሌለው ነገር አያምኑም። «ይህ ነገር የሆስፒታል ሥራ አይደለም ወይ? ማን ጀመረው?» ብለው ቢያፋጥጧት፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ሐኪሞች ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለ በዘር የሚወረስ ሕመም ላለባቸው ልጆች በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ከሆስፒታል ውጭ ስለመስጠት ጽፈው እንደነበር አጫወተቻቸው። በማግስቱ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ሰፍሮ አገኘሁት። «ታዲያ ለምን እንክብል አይሰጡኝም?» ሲሏት ግን ራሷ ልትመልስ አልደፈረችም፤ ሐኪሙን እንዲጠይቁ ነገረቻቸው። ሐኪሙም በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪታንያ ጥናት በአጥንት ኢንፌክሽን ለብዙ ሕሙማን የሚዋጥ መድኃኒት በደም ሥር ከሚሰጠው እንደማያንስ ማሳየቱን፣ ለእርሳቸው ጀርም ግን የሚስማማ እንክብል እንዳልተገኘ አስረዷቸው። አባቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም፤ ይህ በቤታችን ተሰምቶ አይታወቅም።

ለእኔም ምን መከታተል እንዳለብኝ አስተማረችኝ፤ ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ እንድደውልላት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን እርሷን ሳልጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል እንድወስዳቸው። አንድ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ደውዬላታለሁ። የተላቀቀ ፕላስተር ነበር፤ ቢሆንም እስኪነጋ ሳትጠብቅ መጣች፤ አንድም የቁጣ ቃል አልወጣትም።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እጅሽ ይባረክ። አባቴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በቀኝ ጎናቸው ይተኛሉ።

እናንተም ቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከታዘዘለት እባካችሁ እንደ እኛ አትንከራተቱ፤ እርሷን ጥሯት። ስሟን በይፋ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቁጥሯን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉላት የሐኪሙን ማዘዣና ከሆስፒታል የወጣችሁበትን ወረቀት አዘጋጁ፤ ያለ እርሱ አንድ ጠብታ አትሰጥም። የመጀመሪያውንም መድኃኒት ቤት ውስጥ አትጀምርም፤ ሰውነት ቢቆጣ እርዳታ ቅርብ በሆነበት በጤና ተቋም እንዲወሰድ ትጠይቃችኋለች፤ በዚህ ላይ ብትለምኗትም እሺ አትልም።