የዮስት ካኖኒካል፦ ነፃው ይበቃል

ብሎግ ያላችሁ፣ ፖስታችሁን ፌስቡክ ላይ ለጥፋችሁ ሊንኩን መልሳችሁ ስትከፍቱት አድራሻው ረጅም ጅራት አብቅሎ ታገኙታላችሁ። ጽሑፉ ያው ነው። አድራሻው ግን ሌላ ነው፣ ጎግል ደግሞ የቱን እንደሚያወጣ መምረጥ አለበት። ካኖኒካል የሚባለው ለዚህ ነው የመጣው፤ ገጹ ኮድ ውስጥ ገብቶ «ዋናው አድራሻ ይኼኛው ነው» የሚል አንድ መስመር። ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ላይ የተቀበሉት ነገር ነው።

ብዙ ብሎጎች የሚሠሩበት ዎርድፕረስ ይህን መስመር ለፖስቶችና ለገጾች ራሱ ያስገባል። ታዲያ ዮስት ኤስኢኦ፣ ብሎጋችሁ ፍለጋ ላይ እንዲገኝ የሚያግዘው የዎርድፕረስ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም)፣ ምን ይጨምራል? ለመግቢያ ገጹና ለካቴጎሪዎቹም ያስገባላችኋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፖስቱን ስትጽፉ «አድቫንስድ» የሚለው ውስጥ ያለችው የካኖኒካል አድራሻ ሳጥን ናት። ባዶ ተዋት። እውነት፣ ባዶ ስትሆን ነው በደንብ የምትሠራው። የምትሞላው ጽሑፉ መጀመሪያ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ እናንተ ጋ ሲደገም ነው፤ ያኔ የመጀመሪያውን አድራሻ ሙሉውን ከነኤችቲቲፒኤሱ ትለጥፋላችሁ፣ አለቀ። የመግቢያ ገጹን አድራሻ በየፖስቱ የሚሞሉ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ! ጎግልን «እነዚህን ጽሑፎች እርሳቸው» እንደማለት ነው።

ለእኛ የሚብሰው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ርእሱ አማርኛ ሲሆን አድራሻው ላይ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይለወጣል፣ ዎርድፕረስ ደግሞ ለዚህ የሰጠው ቦታ 200 ብቻ ስለሆነ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ርእስ ይቆረጣል። ዮስትም የተቆረጠውን አድራሻ ነው ካኖኒካል የሚያደርገው። መፍትሔው ፖስቱን ከማውጣታችሁ በፊት አጭር አድራሻ በላቲን ፊደል መጻፍ ነው።

ፕሪሚየሙን፣ ማለትም የሚከፈልበትን ዮስት፣ ግዙ የሚለው ማስታወቂያ ያሰለቻል። የቆየ አድራሻን ወደ አዲሱ ማዞሪያው እዚያ ነው ያለው፣ ግን የፖስት አድራሻ ስትቀይሩ ዎርድፕረስ አሮጌውን በራሱ ወደ አዲሱ ስለሚመራ ተራ ብሎገር ለዚህ ብሎ ብር ባያወጣ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን እወቁ፣ ካኖኒካል ለጎግል ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጎግል መሣሪያ ላይ አድራሻውን ስትመረምሩ እናንተ የመረጣችሁትንና ጎግል የመረጠውን ለየብቻ ያሳያችኋል። ከተለያዩ፣ ፕለጊን ከመቀየራችሁ በፊት ሜኑ ላይና በሌሎች ፖስቶች ውስጥ ያስገባችኋቸው ሊንኮች ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚወስዱ እዩ።