የአሮጌ አይሱዙ የእግር ሥራ በደብረ ብርሃን

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ የደብረ ሲናን ዳገት የሚወጣ፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን የሚገባ መኪና የፊት እግሩ ምን እንደሚደርስበት ለአካባቢው ሰው አይነገርም። የእኔ አሮጌ ኤንፒአር አይሱዙ ደግሞ የመሐል ሜዳን ኮረኮንችም ጠግቧል። መሪው ይዋልላል፣ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል። ሌላ ጋራዥ የፊት ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ወፍራም ብረት «አክስሉን በሙሉ ቀይር» ተብዬ ነበር።

ከደሴው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ጋራዥ ግን ከወሬ በፊት ክሪክ አስገባ። መካኒኩ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ እየነቀነቀ ረዳቱን ፍሬን አስረገጠው። ሲረገጥ መወላወሉ ከቀረ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ካልቀረ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ብረት፣ ኪንግ ፒን ነው። አልቀረም።

የአክስሉን ቀዳዳ ለካና «ጋሼ፣ ይህ ብረት እኛን ይቀብረናል» ብሎ ተወው። የተቀየሩት ኪንግ ፒኖቹ፣ ፒኑ የሚገባባቸው ቀለበቶች ማለትም ቦኮላዎቹና ክብደት የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ናቸው፤ በሁለቱም በኩል። ቦኮላውን በመዶሻ አልቀጠቀጠም። በፕሬስ አስገብቶ ውስጡን ቶርኖ ቤት በፒኑ ልክ አስወጣው። የግራሶው ቀዳዳ መግጠሙንም ጠርቶ አሳየኝ፤ ካልገጠመ አዲሱ ፒን ደርቆ ያልቃል።

የተጨቃጨቅነው ባሌስትራውን (ጭነቱን የሚሸከመውን የተደራረበ ብረት) ከአክስሉ ጋር አቅፈው በሚያስሩት ቡሎኖች ነው። ጥርሳቸው ደህና ነው አልሁ። «አንዴ በሙሉ ኃይል የታሰረ ቡሎን ተለጥጧል፣ ሁለተኛ አይታመንም» ብሎ ጣላቸው። ውዱን አክስል ከመቀየር አትርፎ በርካሹ ቡሎን ላይ ግትር የሚል መካኒክ ብዙ አላየሁም። የተሰነጠቀችውን የባሌስትራ ቅጠልም ልበይዳት አላለም፤ ብየዳ የባሌስትራን ጥንካሬ ስለሚገድል በአዲስ ተካት። የመኪናውን ንጠት የሚያበርደው አሞርዛተር ዘይት ያፈሰሰው በአንድ በኩል ቢሆንም ሁለቱንም አስገዛኝ።

ቀጠሮ ላይ ግን ምን ልበል! ቅዳሜ ያሉት ማክሰኞ አለቀ። መጠለያ የላቸውም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። የጎማ አቅጣጫ የሚለኩት በሜትር ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ስገባ በማሽን ደግሜ አስለካሁት።

ጭኜ ስመለስ ቡሎኖቹን እንደገና አጠበቀልኝ፣ ገንዘብም አልጠየቀም። የምትሄዱ ከሆነ ዕቃውን ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ይዛችሁ ሂዱ፤ በጋራዡ ዙሪያ ያሉት ሱቆች ለኤንፒአር ብዙ አይነት አይዙም፣ ያላቸውንም ያስወድዳሉ።